«ዉዘሪንግ ሃይትስ»ን ስታነቡ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

የኤሚሊ ብሮንቴ «ዉዘሪንግ ሃይትስ» በ1847 ሲታተም የወጣው ኤሊስ ቤል በሚል የብዕር ስም ነበር። ደራሲዋ በዓመቱ፣ በ30 ዓመቷ አረፈች። ሌላ ልብወለድ አላሳተመችም። በዚህች አንዲት መጽሐፍ ግን ሐዘን እንዴት ወደ ቂም እንደሚዞር ያሳየችበት መንገድ እስካሁን ያስደነግጠኛል። ብዙ ሰው ሌላ ነገር ጠብቆ ይገባበትና ግማሹ ላይ ሰልችቶት ይተወዋል፤ ያ ስለሚያንገበግበኝ ነው ይህን የምጽፈው። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስለምናገር ሳያውቅ ማንበብ የሚፈልግ መጀመሪያ መጽሐፉን ይጨርስ።

ስህተት 1፦ የፍቅር ታሪክ ነው ብሎ መጀመር

ፍቅር አለ፣ ያውም የሚያቃጥል። ግን ካትሪንን የሚወደውን ዋናውን ባለታሪክ ሂትክሊፍን እንደ ፍቅረኛ ብቻ ከያዛችሁት፣ በኋላ ሚስቱ የሆነችው ኢዛቤላ የሠራችውን ስህተት ትደግማላችሁ። እሷም የልብወለድ ጀግና አድርጋ ስላየችው ነው አብራው የጠፋችው። በጠፉበት ሌሊት የእሷን ትንሽ ውሻ በመሀረብ አንጠልጥሎ ሰቅሎት ነበር፤ ታሪኩን የምትተርከው የቤት ሠራተኛ ኔሊ ደርሳ ባትፈታው ይሞት ነበር። በኋላ ሂትክሊፍ ራሱ «ይህን እያየች እንኳ ሐሳቧን አልለወጠችም» ብሎ ይሳለቅባታል። ደራሲዋ በእሱ አፍ አንባቢንም እያስጠነቀቀች ይመስለኛል።

ስህተት 2፦ በቀሉ የሚጀምረው ካትሪን ስትሞት ነው ማለት

አይደለም። የካትሪን አባት ሽማግሌው ኧርንሾው ሂትክሊፍን ከሊቨርፑል ጎዳና አንስቶ ሲያመጣው ገና ሕፃን ነው፤ የተሰጠው ስም እንኳ የሞተ ልጃቸው ስም ነው። አባትየው ሲሞት ትልቁ ልጅ ሂንድሊ ከትምህርት አስወጥቶ እርሻ ላይ ያሰማራዋል፣ ይገርፈዋል። ምዕራፍ 7 ላይ፣ በገና ዕለት ተደብድቦና ተቆልፎበት ከዋለ በኋላ፣ ልጁ ወጥ ቤት እሳት ዳር ቁጭ ብሎ ሂንድሊን እንዴት እንደሚበቀለው ያሰላስላል። ስንት ዓመት ቢፈጅም ግድ የለኝም ይላል። ኔሊ ለእግዚአብሔር ተወው ስትለው አይሆንም፣ በቀሉን እያሰብኩ ሕመሙ አይሰማኝም ብሎ ይመልሳል። የመጽሐፉ ቁልፍ ለኔ ይህች መልስ ናት። ቂሙ ማስታገሻው ነው። ካትሪንን ሲያጣ ሕመሙ በእጥፍ ጨመረ፣ እሱም የሚያውቀውን አንድ መድኃኒት መጠኑን ጨመረ እንጂ አዲስ ነገር አልጀመረም።

ስህተት 3፦ ካትሪን ስትሞት መጽሐፉን መክደን

መጽሐፉ 34 ምዕራፍ አለው፤ እሷ የምትሞተው 16ኛው ላይ ነው። በ1939 የወጣው ታዋቂ ፊልም ሁለተኛውን ትውልድ ጨርሶ ስለቆረጠው ብዙ ሰው ታሪኩ እዚያ የሚያልቅ ይመስለዋል። ሂትክሊፍ ግን ከእሷ በኋላ ወደ 18 ዓመት ይኖራል፣ በቀሉም ምንም ባላጠፉ ልጆች ላይ የሚወርደው በእነዚያ ዓመታት ነው።

ስህተት 4፦ የዕዳና የኑዛዜውን ወሬ መዝለል

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ሂትክሊፍ ማንንም በጩቤ አይገድልም። መሣሪያው ወረቀት ነው። ሂንድሊ ሚስቱ ከሞተች በኋላ መጠጥና ቁማር ውስጥ ገብቷል፤ ሂትክሊፍ ገንዘብ እያበደረ መሬቱን ቁራጭ በቁራጭ በመያዣ ይወስድበታል፣ ሂንድሊ ሲሞት ቤቱ ዉዘሪንግ ሃይትስ የሂትክሊፍ ሆኖ ይገኛል። ከዚያ የካትሪንን ልጅ ትንሿን ካቲን ቆልፎባት፣ ሊሞት ከተቃረበው የራሱ ልጅ ጋር በግድ ያጋባታል። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሕግ ያገባች ሴት ገንዘብና ዕቃ የባሏ ነበር። የካቲ አባት፣ የካትሪን ባል ኤድጋር፣ የልጁን ድርሻ ለመጠበቅ ኑዛዜውን ሊያስተካክል ጠበቃ ያስጠራል፤ ጠበቃው ግን በሂትክሊፍ ተገዝቷል፣ የሚደርሰውም ኤድጋር ከሞተ በኋላ ነው። ይህን የዘለለ አንባቢ በቀሉን አላየውም።

ከሁሉ የሚያመኝ የሂንድሊ ልጅ የሄርተን ነገር ነው። በቤቱ ዋና በር አናት ላይ 1500 የሚል ዓመተ ምሕረትና «ሄርተን ኧርንሾው» የሚል ስም በድንጋይ ተቀርጿል። የአያት ቅድመ አያቱ ቤት ነው፣ ስሙም የራሱ ስም ነው። ልጁ ግን በገዛ ቤቱ እንደ አሽከር እየሠራ አድጎ ስሙን ማንበብ አይችልም፤ ምክንያቱም ሂትክሊፍ ሆን ብሎ ፊደል እንዳይቆጥር አድርጎታል። ሂንድሊ በሂትክሊፍ ላይ ያደረገውን ሂትክሊፍ በሂንድሊ ልጅ ላይ ቆጥሮ መለሰው። ልጁ በኋላ ተፍጨርጭሮ ያቺን ስም ማንበብ ሲችል በኩራት ለካቲ ያሳያታል፣ እሷም «ቁጥሩንስ?» ትለዋለች። ያንን አያውቀውም። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ቸኩሎ የሚያልፍ ሰው ያሳዝነኛል።

ስህተት 5፦ ያጣው ሂትክሊፍ ብቻ ነው ብሎ ማሰብ

ሂንድሊ ሚስቱን አጥቷል፣ ኤድጋርም ሚስቱን። አንዱ ራሱንም ልጁንም ጣለ፤ ሌላው ሐዘኑን ይዞ ሴት ልጁን በፍቅር አሳደገ። ኔሊ ራሷ ሁለቱን ታነጻጽራለች። ይህን ካላያችሁ በቀል የሐዘን ብቸኛ መውጫ ሊመስላችሁ ነው።

ስለ ኔሊ ካነሳን፦ የምትለውን ሁሉ አትመኑ። ካትሪን ሂትክሊፍን ማግባት ያዋርደኛል ስትል እሱ ሰምቶ እንደወጣ ኔሊ አይታለች፣ ግን ወዲያው አልተናገረችም። ፍቅሯን የገለጸችበትን ሳይሰማ ነው የሄደው።

ስህተት 6፦ መጨረሻውን እንደ ይቅርታ ማንበብ

ምዕራፍ 33 ላይ ሁለቱም ቤቶች፣ የኧርንሾዎቹም የኤድጋርም፣ በሂትክሊፍ እጅ ናቸው። ለማፍረስ ሁሉን አዘጋጅቶ ሲያበቃ ከጣሪያው አንዲት ድንጋይ የማንሳት ፍላጎት እንኳ ጠፋብኝ ይላል። ደግነት እንዳይመስልሽ ብሎ ለኔሊ በግልጽ ይነግራታል። ካቲና ሄርተን ቀና ብለው ሲያዩት የሁለቱም ዓይን የካትሪን ዓይን ነው። ማስታገሻው መሥራት አቆመ፣ የሸሸው ሐዘን እንዳለ ጠበቀው። ከዚያ ምግብ መቅመስ ትቶ ይሞታል። ከልቡ የሚያለቅስለት ደግሞ ከሁሉ የበለጠ የበደለው ሄርተን ነው። ይህን እንዴት እንደምትፈርዱት የእናንተ ጉዳይ ነው፤ እኔ ይቅር አልለውም።

አንድ ቀላል ነገር ልጨምር፦ ስሞቹ ያምታታሉ። ካትሪን የሚባሉት እናትና ልጅ ናቸው፣ ሊንተን የኤድጋር የቤተሰብ ስምም የሂትክሊፍ ልጅ ስምም ነው። የዘር ሐረጉን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ መጽሐፉ ውስጥ አስቀምጡት። ምዕራፍ 3 ላይ ሳታስፈልጋችሁ አትቀርም።