በትሬይል ሳይክል ቁልቁለት መውረድ፦ ከቤዛዊትና ከዘጌ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ሜዳ ላይ ያረፈች ከተማ ናት፤ ሳይክል ከተማሪ እስከ ሽማግሌ የሚነዳባትም ለዚህ ነው። ቁልቁለት ያማረው ግን ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ይወጣል፣ ወይም ሥርና ድንጋይ ወደበዛበት የዘጌ ጫካ ይሄዳል። አብዛኛው ሰው ይዞ የሚሄደው ትሬይል የሚባለውን ነው። ከፊትም ከኋላም አሞርዛተር አለው፤ አሞርዛተሩ ከ120 እስከ 150 ሚሊ ሜትር ይሰምጣል። ለቁልቁለት ብቻ የሚሠራው ዳውንሂል 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰምጣል፤ ሆኖም ዳገት ላይ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። በወር አንዴ ሁለቴ ለሚወርድ ሰው ዳውንሂል መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ትሬይሉ ይበቃል፤ ችግር የሚመጣው ለሜዳና ለዳገት እንደተስተካከለ ይዘውት ሲወርዱ፣ ወይም ደግሞ ያልሆነ ነገር ሲቀይሩለት ነው።

(ፍሬምን ከፍሬን የሚለየው አንድ ፊደል ነው። ከዚህ በታች ሁለቱም ደጋግመው ስለሚመጡ ረጋ ብለው ያንብቡ።)

የፍሬሙን ምድብ ሳያዩ መዝለል

ብዙ ፍሬም ላይ፣ ካልሆነም በመመሪያው ውስጥ፣ ከ1 እስከ 5 የሚሄድ የአጠቃቀም ምድብ አለ። ምድብ 3 ለሸካራ መንገድና እስከ 61 ሳንቲ ሜትር ለሚደርስ ዝላይ ነው። ምድብ 4 እስከ 122 ሳንቲ ሜትር ይፈቅዳል። ምድብ 5 የዳውንሂል ነው። ትሬይል አብዛኛውን ጊዜ 3 ወይም 4 ላይ ይውላል። ከጉልበት ትንሽ ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ዘሎ ሜዳ ላይ ማረፍ ምድብ 3ን ቶሎ ይጎዳዋል፤ ቁልቁል መሬት ላይ ሲያርፉ ግን ጫናው ቀስ እያለ ስለሚወጣ ያው ከፍታ በጣም ይቀላል። ስለዚህ መነሻውን ብቻ ሳይሆን ማረፊያውንም አስቀድመው በእግርዎ ሄደው ይዩት።

አሞርዛተሩን ማለስለስ

«መንገዱ ድንጋይ ስለሆነ ይለስልስልኝ» ብሎ ንፋስ መቀነስ ከሁሉም የተለመደው ስህተት ነው። ቁልቁለት ላይ ክብደትዎ ወደ ፊት ይሄዳል። የፊቱ አሞርዛተር ለስላሳ ከሆነ ገና ድንጋይ ሳያገኝ ግማሹን ሰምጦ ይወርዳል፤ መሪው ይቀርባል፣ የፊት ጎማው ከሥርዎ ይገባል፣ ትንሽ ጉድጓድ ላይ ሰውየው በመሪው ላይ ያልፋል። የሚያስፈልገው ተቃራኒው ነው፦ ፊቱ ጠንከር፣ ኋላው ለቀቅ።

አለካኩ እንዲህ ነው። ሄልሜትዎን አድርገው፣ ውሃዎን ይዘው፣ ሳይክሉን ግድግዳ ያስደግፉ። በአሞርዛተሩ አንጸባራቂ ቱቦ ላይ ያለችውን የላስቲክ ቀለበት እስከ ታች ይግፏት፤ ከሌለ ብር የሚታሰርበት ላስቲክ ይጠምጥሙ። በቀስታ ወጥተው ሁለቱም ፔዳል ላይ ይቁሙ፤ ሳይነቀነቁ ይውረዱና ቀለበቷ የተገፋችበትን ይለኩ። ፊት 140 ሚሊ ሜትር የሚሰምጥ ከሆነ በቆሙበት ብቻ ከ21 እስከ 28 ሚሊ ሜትር መስመጥ አለበት፤ ይህም ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው። ለኋላው ከ28 እስከ 30 በመቶ ይበቃል። የኋላው ግን የሚለካው በጎማው ጉዞ ሳይሆን በራሱ በአሞርዛተሩ ዘንግ ነው፤ ዘንጉ 50 ሚሊ ሜትር የሚገባ ከሆነ 14 ወይም 15 ሚሊ ሜትር ማለት ነው።

ንፋሱ የሚሞላው በአሞርዛተር ፓምፕ ብቻ ነው። የኋላው ብዙ ጊዜ ከ150 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) በላይ ይፈልጋል፤ የያዘው አየር ግን ከቡና ስኒ አይበልጥም። ስለዚህ የጎሚስታ ኮምፕረሰር በአንድ ትንፋሽ መጥኖ ሊሞላው አይችልም። ፓምፑን ሲገጥሙ ንባቡ ዝቅ ቢል አይደንግጡ፤ ያ አየር የፓምፑን ቱቦ ለመሙላት የሄደ ነው። ሲነቅሉ የሚሰማው «ፍስስ» ደግሞ ከቱቦው የሚወጣው ነው። ይህን የማያውቅ ሰው አሥር ጊዜ እየነቀለ እየሞላ ይውላል።

የመመለሻ ፍጥነቱን የምትቆጣጠረው ቀይ ቁልፍ ብዙ ጊዜ ከተገዛች ጀምሮ አትነካም። ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ይውረዱ፤ ኋላው አንድ ጊዜ ብቻ ከፍ ብሎ ከረጋ ደህና ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከዘለለ ቁልፏን ወደ ቀስታው ምልክት በአንድ በአንድ ጠቅታ ያዙሯት።

የዳገቱን ማንሻ እንደተዘጋ መርሳት

ቤዛዊት ጫፍ ሲደርሱ ሰው ፎቶ ያነሳል፣ ዓባይን ያያል፣ ይወርዳል። ዳገት ላይ አሞርዛተሩ እንዳይሰምጥ የዘጋት ማንሻ እንደተዘጋች ናት። ሳይክሉ እንደ በሬ ጋሪ ሲያንገጫግጨው «አሞርዛተሩ ተበላሸ» ይላል። ኮርቻውን ዝቅ በሚያደርጉበት እጅ ማንሻዋንም መክፈት ልማድ ይሁን።

ጎማ ለጎሚስታ መተው

ገንዘብ ካለዎት መጀመሪያ እዚህ ላይ ያውሉት። የጣና ዙሪያ ድንጋይ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ስለቱ ጎማን ከጎኑ ይቀዳል። ለትሬይል የሚመጡት ጎማዎች አብዛኞቹ ስስ ጎን ያላቸው ናቸው። ከኋላ ጎኑ ድርብ የሆነ፣ ከ2.4 ኢንች የማያንስ ጎማ ይግጠሙ፤ ከፊት ደግሞ ጥርሱ የጎላና ላስቲኩ ለስለስ ያለ። ክብደቱ በዳገት ይሰማል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ከዘጌ ጎማ የፈነዳበትን ሳይክል እየገፉ መመለስ ከዚያ የከበደ ነው።

ንፋሱን በተመለከተ፣ የሰፈር ጎሚስታ ለባጃጅና ለመኪና የለመደ ነው። መለኪያው እስከ 100 ፒኤስአይና ከዚያም በላይ ስለሚያነብ ታች በ25 አካባቢ ሁለት ሦስት ፒኤስአይ መለየት አይችልም፤ እጁም ቶሎ 50 ያደርሰዋል። በ50 ፒኤስአይ ጎማው ድንጋይ ላይ እንደ ኳስ ይነጥራል፤ ኮረት ላይ አይቆነጥጥም። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፣ ካላማዳሪ በሌለው ጎማ፣ ከፊት ከ22 እስከ 24፣ ከኋላ ከ25 እስከ 27 ጥሩ መነሻ ነው። ካላማዳሪ ካለው በየአንዳንዱ ላይ 4 ይጨምሩ። የራስዎን ትንሽ መለኪያ ይግዙ። ቀጭኑን ቫልቭ የጎሚስታው አፍ አይይዘውም፤ የናስ መለወጫዋን ኪስዎ ውስጥ ያኑሩ።

የተቀደደውን ካላማዳሪ አውጥተው ሳይጥሉ ይመርምሩት። አንድ ቀዳዳ ብቻ ካለው የግራር እሾህ ነው፤ ሌላ ሳይገጥሙ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ይዳብሱት፣ እሾሁ ገና ተሰክቶ ይሆናል። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካለው ግን ጥፋቱ የእሾህ አይደለም። ንፋሱ አንሶ ቸርኬው ከድንጋዩ ጋር ካላማዳሪውን መሐል አድርጎ ቆንጥጦታል ማለት ነው፤ 3 ፒኤስአይ ይጨምሩ።

ካላማዳሪ በሌለው ጎማ ውስጥ የሚገባው ነጭ ፈሳሽ በበጋ ፀሐይ ቶሎ ይደርቃል። ለ29 ኢንች ጎማ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ይጨምሩ፤ በየሁለት ወሩ አንዱን ጎን ከፍተው ይዩት። ሲነቀንቁት ምንም ካልተንቦጨቦጨ አልቋል።

ያገኙትን የፍሬን ዘይት መጨመር

የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የሚገኘው ዶት 3 ወይም ዶት 4 ነው። የሺማኖ ፍሬን ግን የሚሠራው በማዕድን ዘይት ነው። ዶት ከገባበት የውስጥ ላስቲኮቹ ያብጣሉ፤ መጀመሪያ ማንሻው ይጠነክራል፣ ከዚያ አይመለስም፣ በመጨረሻ ሙሉውን ፍሬን መጣል ነው። በተቃራኒው ስራም (SRAM) የተባለው ኩባንያ ከሚሠራቸው ፍሬኖች ብዙዎቹ ዶት 5.1 ይጠይቃሉ፤ እነሱ ላይ ዶት 4 ይገባል፣ የማዕድን ዘይት ግን አይገባም። የትኛው እንደሚገባ ማንሻው ክዳን ላይ ተጽፏል። ካልተነበበ ምንም አይጨምሩ።

ሁለተኛው ጥፋት ከላይ እስከ ታች ፍሬኑን ሳይለቁ ይዞ መውረድ ነው። ዲስኩ ይግላል፣ ወደ ሰማያዊ ይዞራል፣ ሸራው ይጠነክርና መያዝ ይተዋል። ከመታጠፊያው በፊት አጥብቀው ይያዙ፣ ከዚያ ይልቀቁ፤ ዲስኩ የሚቀዘቅዘው በተለቀቀበት ጊዜ ነው። አንድ ጣት ይበቃል፤ ሌሎቹ መሪውን ይያዙ። 160 ሚሊ ሜትር ዲስክ ካለዎት ከፊት 180 ማድረግ ጉልበቱን 12 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ የፊት አሞርዛተርዎ ያንን መጠን እንደሚፈቅድ ግን አስቀድመው ያረጋግጡ።

አዲስ ሸራ ወዲያው አይይዝም። ማለዳ መኪና ሳይበዛ ሜዳ አስፋልት ላይ መካከለኛ ፍጥነት ይያዙና ጎማው ሳይቆለፍ እስከ እግር መንገድ ፍጥነት ያብርዱት፤ ይህን 20 ጊዜ ለፊት፣ 20 ጊዜ ለኋላ። ዲስክ ላይ ዘይት ወይም ናፍጣ ከነካ በፋርማሲ አልኮል ይጥረጉ። ሸራው ከጠጣው ግን አይድንም፤ እሳት ላይ መጥበስ የሚባለው ዘዴ ለአንድ ሳምንት ያታልላል፣ ከዚያ ይመለሳል።

ረጅም የፊት አሞርዛተር መግጠም

140 የነበረውን አውጥቶ 180 መግጠም ያማልላል። የሚሆነው ይህ ነው፦ ፊቱ ከፍ ይላል፣ ፔዳሉ የተተከለበት ቦታም አብሮ ከፍ ይላል፣ ዳገት ላይ መሪው ይንከራተታል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ መሪው የሚገባበት የፍሬሙ አንገት ላልታሰበለት ረጅም ክንድ መጋለጡ ነው። ፍሬም የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። የፋብሪካው መመሪያ ከፈቀደ 10 ሚሊ ሜትር፣ ቢበዛ 20፤ ባለሁለት ትከሻውን የዳውንሂል ዓይነት ግን ጨርሶ አይግጠሙ።

ኮርቻ ከፍ አድርጎ፣ ወደ ኋላ ተንጠልጥሎ መውረድ

በቁልፍ የሚወርድ የኮርቻ ዘንግ ከሌለዎት የዳገቱን ከፍታ በቀለም ቴፕ ምልክት ያድርጉና ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ያውርዱት። ፍርሃት ሰውን ወደ ኋላ ይጎትታል፤ መቀመጫው ከኋላ ጎማ በላይ ሲሆን የፊቱ ይቀልና መታጠፊያ ላይ ይንሸራተታል። ደረት ዝቅ፣ ክርን ወጣ፣ ክብደት እግር ላይ። እጅ ከከበደብዎት ወደ ፊት አብዝተዋል፤ እጅ ከተሳበብዎት ደግሞ ወደ ኋላ።

በክረምትም በበጋም አንድ ዓይነት መንገድ መምረጥ

ከሰኔ እስከ መስከረም ዋልካው ጎማ ላይ ይጋገራል፤ ጥርሱን ሞልቶ ፍሬሙ ሥር ሲያጨናንቅ ጎማው መዞር ያቆማል። ያን ጊዜ ጥቁሩን መሬት ትተው ጠጠርና ቀይ አፈር ይምረጡ። ዘጌ ላይ ጥላ ስላለ እርጥበቱ ዝናቡ ካቆመም በኋላ ይቆያል፤ እርጥብ ሥር ላይ ፍሬን አይያዝም፣ መሪም አይታጠፍም፣ ቀጥ ብሎ ማለፍ ብቻ ነው። ደግሞ ዘጌ የገዳማት መንገድ ነው። ነጠላ የለበሱ እናቶች፣ እንጨት የተሸከሙ፣ በደጅ የተሰጣ ቡና አለ። ከመታጠፊያው ማዶ የማይታይ ከሆነ በእግር ፍጥነት ይለፉ፤ ሰው ካዩ ወርደው ሰላም ይበሉ።

ላቫጆ ወስዶ ማሳጠብ

ከላቫጆ ቱቦ በግፊት የሚወጣው ውሃ የኩሽኔታውን መከለያ አልፎ ቅባቱን ያጥባል፤ በወሩ የኋላው መገጣጠሚያ ሲጢጥ ይላል። ሐይቁ ዳር ገብቶ ማጠብም አይሻልም፤ ለሳይክሉ ብቻ ሳይሆን ለራስዎም፣ ቢልሃርዝያ ያለበት ውሃ ነውና። አንድ ባልዲ፣ ስፖንጅና የዕቃ ሳሙና ይበቃል። ሰንሰለት ላይ የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ደግሞ አቧራን ሰብስቦ መፍጫ ሊጥ ይሠራል፤ አንጸባራቂው የአሞርዛተር ቱቦ ላይ ከደረሰ መከለያውን ይበላዋል።

ሳይክሉ ንጹሕ እያለ ፍሬሙን ይፈትሹ፤ ጭቃ ስንጥቅን ይደብቃል። አንገቱ ከታችኛው ቱቦ ጋር የተበየደበትን፣ የኋላው አሞርዛተር የታሰረበትንና የፔዳሉን ዙሪያ በስልክ መብራት ይዩ። ቀለሙ ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር ካዩ በጥፍር ይሞክሩት፤ ጥፍር ከያዘ ጭረት አይደለም፣ አይንዱት። የመሪውን ብሎኖች በ5 ኒውተን ሜትር፣ ወይም በላያቸው በተጻፈው ልክ፣ ተራ በተራ ያጥብቁ። ከዚያ ጎማውን ከፍ አድርገው ያዙሩት፤ ቸርኬው ወደ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ሽቦዎቹ ለቀዋል፣ ከሚቀጥለው ቁልቁለት በፊት ለሠሪ ያድርሱት።