በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ፊልም ለመሥራት፦ ከሊዩ ጂያዪን የተቀዳ ዘዴ

ጎንደር ውስጥ ፊልም የመሥራት ፍላጎት ያላቸው ወጣቶች ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት ችግር የካሜራ፣ የገንዘብና የተዋናይ እጦት ነው። ለዚህ ከቤጂንጓ ዳይሬክተር ከሊዩ ጂያዪን ሥራ የተሻለ መልስ እስካሁን አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. በ1981 የተወለደችው ሊዩ፣ የቤጂንግ ፊልም አካዳሚ ተማሪ ሳለች «የበሬ ቆዳ» የተሰኘውን የመጀመሪያ ረጅም ፊልሟን በወላጆቿ ጠባብ አፓርታማ ውስጥ ቀረጸች፤ የተወኑትም ራሷ፣ እናቷና የቆዳ ቦርሳ እየሠሩ የሚሸጡት አባቷ ብቻ ናቸው። 110 ደቂቃ የሚፈጀው ይህ ፊልም በ23 ሾት፣ ማለትም ሳይቆራረጡ በተቀረጹ 23 ረጃጅም ቁራጮች የተሠራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በበርሊን ፊልም ፌስቲቫል ለሽልማት በቅቷል።

ለጀማሪ ይበልጥ የምመክረው ግን እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውን ሁለተኛውን ክፍል ነው። አባትየው ቆዳ የሚሠሩበት ጠረጴዛ ይለቀቅና በዚያው ላይ ሊጥ ይቦካል፣ ሥጋ ይከተፋል፣ ሦስቱም በሊጥ የጠቀለሉትን ቀቅለው ይበላሉ፤ ከ2 ሰዓት በላይ የምናየው ይህንኑ ብቻ ነው። ሾቶቹ 9 ናቸው፤ ካሜራው በየሾቱ 45 ዲግሪ እየተሻገረ ጠረጴዛውን ይዞርና በዘጠነኛው ወደተነሣበት ቦታ ይመለሳል።

ይህን በቤትዎ ለመሞከር፣ ጅማሬውና ፍጻሜው በጠረጴዛ ላይ የሚታይ አንድ የእጅ ሥራ ይምረጡ። እኔ ማራኪ ሠፈር ባለው ቤታችን የመረጥሁት ከእናቴ ጋር ቋንጣ መዘልዘልን ነበር። እሷ ሥጋውን በግራ እጇ ወጠር አድርጋ ቢላውን ስታስኬድ፣ አንድ ሙዳ ሳይበጠስ እየረዘመ ከጠረጴዛው ጠርዝ ሲወርድ፣ ዓይን ሌላ ነገር አይፈልግም።

ቀጥሎ ድርሰቱን ይጻፉ። ብዙ ተመልካች ሊዩ ካሜራ አስቀምጣ የሆነውን ሁሉ የቀዳች ይመስለዋል፤ እሷ ግን ትዕይንቶቹን አስቀድማ ጽፋ ከወላጆቿ ጋር ተለማምዳቸዋለች። ከሁለተኛው ክፍል 14 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣችው ሦስተኛ ረጅም ፊልሟ፣ ለሟቾች በቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ስለሚጽፍ ሰው ነው፤ ይህም ሰው ከመጻፉ በፊት ከሟቹ ቤተሰብ ጋር ተቀምጦ ያዳምጣል። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። ለእኔ ከሁሉ የጠቀመኝ እናቴ «አታወፍሪው፣ ሳይደርቅ ይሸታል» እያለች ደጋግማ የምትናገረው ነበር፤ ቃሉን ሳልለውጥ ጻፍሁትና በልምምድ ጊዜ መልሼ ሰጠኋት።

ለቀረጻ ጠረጴዛውን ከግድግዳ አርቀው ወደ ክፍሉ መካከል ያምጡ። ከጠረጴዛው እምብርት ሥር ሲባጎ ያስይዙና በጠመኔ ክብ ሠርተው በስምንት እኩል ቦታ ይክፈሉት፤ የስልክዎ ማቆሚያ በየምልክቱ ላይ ይተከላል። ሌንሱ ከጠረጴዛው ከፍታ ብዙም አይበልጥ። ፊት ሁልጊዜ መታየት የለበትም፤ ሊዩ ብዙ ጊዜ እጅን ወይም ደረትን ብቻ ታሳያለች፤ ንግግሩም ከፍሬሙ፣ ማለትም ካሜራው ከሚያሳየው ክልል ውጭ ይሰማል።

ስልኩ ከጥሪ መዘጋቱን ሳያረጋግጡ አይጀምሩ፤ የእኔ ሦስተኛ ሾት በ14ኛው ደቂቃ ላይ በስልክ ጥሪ ተቋርጦ፣ የተዘለዘለ ሥጋ መልሶ ሙዳ ስለማይሆን ሌላ ሥጋ እስኪገዛ መጠበቅ ግድ ሆነብኝ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል በመስኮት ብርሃን ብቻ ይሥሩ፤ ብርሃኑ በሾቶቹ መካከል ብዙ እንዳይለወጥም ሁሉንም በአንድ ረፋድ ይጨርሱ። የባጃጅ ድምፅ ከደጅ ቢገባ አይደንግጡ፣ የቤቱ ድምፅ ነውና ይተዉት።

ስምንተኛው ሾት ላይ ሥጋው በጨውና በበርበሬ ይታሻል። በዘጠነኛው ካሜራው ወደ መጀመሪያው ምልክት ተመልሶ ባዶውን ጠረጴዛ፣ ከበላዩም በገመድ የተሰቀለውን ቋንጣ ይይዛል፤ እናትዎ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ወልውለው ከክፍሉ እስኪወጡ ድረስ የቀረጻውን ማቆሚያ ቁልፍ አይጫኑ።