የቆርቆሮ ጣሪያዬን ሳላጎብጥ የጠገንኩበት መንገድ
የመኝታ ቤቱ ኮርኒስ ክረምቱን ሙሉ ሲያንጠባጥብ የከረመው የጣሪያው ሚስማሮች ስለላሉ ነበር። አስቸጋሪው ነገር ቆርቆሮውን ሳያጎብጡ፣ ሳይወድቁም እዚያ መድረስ ነው። የሚረገጠው የሚስማሩ መስመር ብቻ ነው፤ ከሥሩ ማገር ስላለ ክብደት ይሸከማል። በመስመሮቹ መካከል ያለው ግን ከሥሩ ባዶ ነው፣ ይጎብጣል። ስለዚህ ረጅም ጣውላ ማገሮቹን አቋርጦ እንዲያርፍ አጋደምኩና እንዳይንሸራተት ጫፉን በገመድ አሰርኩት። እኔም የደህንነት ቀበቶ ታጠቅሁ፤ ወንድሜ መሰላሉን ያዘልኝ። ጤዛው እስኪደርቅም ጠበቅን፤ እርጥብ ቆርቆሮ ላይ በምንም ምክንያት አይወጣም!

የላሉትን ሚስማሮች ነቅዬ፣ ከቀድሞው ቀዳዳ ወፈር ባሉ፣ ጎማ ባላቸው ብሎኖች ተካኋቸው። ብሎኑ ጎማው ቆርቆሮውን እስኪነክስ ድረስ ብቻ ይጠብቃል፤ ከዚያ ካለፈ ጎማው ይሰነጠቅና ውሃ ያስገባል።