ሰው ሰላም ሳይል የሚያልፍ ልጅ፦ በጉርምስና ዕድሜ ፊት መለየትን እንዴት እናግዝ?

የዘጠነኛ ክፍል ኃላፊ መምህር ስለሆንኩ ወላጆች ከሚያመጡልኝ ስሞታ አንዱ «ልጄ ሰው አይቶ እንዳላየ ያልፋል» የሚል ነው። ጎረቤት ይቀየማል፣ ዘመድ ያዝናል፣ ልጁም ባለጌ ይባላል። ቁጣው ከመምጣቱ በፊት አንድ ነገር እንዲጣራ አጥብቄ እለምናለሁ፤ ልጁ ሰውየውን በእርግጥ ለይቶታል ወይ?

አዲስ የተወለደ ሕፃን እንኳ ፊት ወደሚመስል ነገር ዓይኑን ይመልሳል። ችሎታው ግን በጉርምስና ገና በማደግ ላይ ነው፤ ፊት ስናይ የሚነቃው የአንጎል ክፍል፣ በተለይ በቀኝ በኩል ያለው፣ ከልጅነት እስከ አዋቂነት እየሰፋ ይሄዳል። ሱዛን ኬሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት ጥናት እስከ 10 ዓመት ገደማ ሲሻሻል የቆየው ችሎታ በ12 ዓመት አካባቢ ለጊዜው ዝቅ ብሎ ታይቷል፤ በዚህኛው ነጥብ ሁሉም ተመራማሪዎች አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አዲስ ፊት የማስታወስ ችሎታ ጫፍ የሚደርሰው 30 ዓመት ካለፈ በኋላ መሆኑን አሳይቷል። ታዲያ የ13 ዓመት ልጅ እንደ አባቱ እንዲለይ ለምን እንጠብቃለን?

መጀመሪያ ልጁ ሰውን በምን እንደሚለይ ተመልከቱ። ልጆች እንግዳ ሰው ሲያዩ ፀጉርን፣ ኮፍያን፣ ልብስን ይይዛሉ። መስከረም ላይ ተማሪዎቼ ሁሉ አንድ ዓይነት ዩኒፎርም ስለሚለብሱ የሚቀረው ምልክት ፀጉር ነው። አንዲት ተማሪ ሹሩባዋን ፈትታ ሰኞ ስትገባ ከኋላዋ የምትቀመጠው ልጅ «አዲስ ገቢ ነሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ሌላው መያዣ የመቀመጫ ቦታ ስለሆነ ወንበር ቶሎ ቶሎ አቀያይራለሁ፤ ለመምህራን ሁሉ የምመክረው ይህንን ነው።

ከዚያ ወደ ፎቶ ሂዱ። በደንብ የምናውቀውን ሰው የምንለየው በዋናነት በዓይኑ፣ በቅንድቡ፣ በአፍንጫውና በአፉ ነው። ስለዚህ ከስልካችሁ የአንዲት አክስቱን የተለያዩ ፎቶዎች ምረጡ፦ ነጠላ ተከናንባ፣ በሰርግ ተኳኩላ፣ ስትስቅ፣ ከዓመታት በፊት የተነሳችውን ጭምር። በዕድሜ ከምትቀርባት ሌላ ዘመድ ፎቶዎች ጋር ቀላቅሉና ልጁ ይለያቸው። ሲሳሳት ፎቶው ላይ ያለውን ፀጉር በመዳፋችሁ ሸፍኑና እንደገና ይሞክር። አንድ ጉርድ ፎቶ ብቻ ማሳየት አይበቃም። ተመራማሪዎች የሁለት ሴቶችን 40 ፎቶዎች ቀላቅለው ለማያውቋቸው አዋቂዎች ሲሰጡ ብዙዎቹ ከሁለት በላይ ሰዎች ያሉ መስሏቸዋል። የአንድ ሰው መልክ ያን ያህል ይለዋወጣል፤ ልጁ መልመድ ያለበትም መለዋወጡን ነው።

ጎረምሳ የእኩዮቹን ፊት ከትልልቅ ሰዎች ፊት ይልቅ ቢይዝ አትደነቁ፤ ቀልቡ ያለው እዚያ ነው።

አንድ ልማድ ግን እንዲቀር እፈልጋለሁ። እንግዳ በተሞላ ቤት ልጁን አቁሞ «እስቲ ማን ነኝ?» ማለት ያሳፍረዋል እንጂ አያስተምረውም። «እኔ የእናትህ የአክስት ልጅ ነኝ፤ ፋሲካ ላይ መጥቼ ነበር» ብላችሁ እጃችሁን ዘርጉለት። ፊታችሁን ከስማችሁ ጋር የሚያያይዘው ያን ጊዜ ነው።

ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እናቱን ገበያ መካከል፣ ወንድሙን በዩኒፎርም መለየት የሚያቅተው ከሆነ፣ ፊልም ሲያይም ተዋናዮቹ የሚምታቱበት ከሆነ መጀመሪያ ዓይኑን አስመርምሩ። ዓይኑ ደህና ከሆነ የነርቭ ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ይየው። ጀርመናዊው ሐኪም ዮአኪም ቦዳመር እ.ኤ.አ. በ1947 ስም ያወጣለት ፊት የመለየት ችግር አብሯቸው የሚወለድ ሰዎች አሉ፤ ከማሰብ ችሎታ ማነስ ጋር አይያያዝም። እንዲህ ያለው ልጅ ሰውን በድምፅና በአረማመድ መለየት ይችላልና ለመምህሩ ንገሩት፤ መምህሩም ሲያናግረው የራሱን ስም ያስቀድም። ጭንቅላቱን ከተመታ በኋላ ድንገት ሰው መለየት ያቃተውን ግን ዕለቱኑ ሆስፒታል ውሰዱት።