የአከርካሪ ቲቢ፦ የደም ውጤቱን እንዴት እንያዘው? ዘርስ ምን ያህል ያገባዋል?

የጀርባ ሕመም ሳምንታት ከቆየ፣ ሌሊት ከባሰ፣ ላብና የክብደት መቀነስ ከተጨመረበት ሐኪም ጋ ሂዱ። እባካችሁ ወጌሻ ጋ አታሳሹት። ቲቢ የበላው አከርካሪ በጉልበት ሲታሽ ሊናድ ይችላል።

ሐኪሙ መጀመሪያ ደም ያዛል። ወረቀቱን ስትቀበሉ ኢኤስአርን ፈልጉ። ደማችሁ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ቆሞ ቀይ ሕዋሱ በአንድ ሰዓት ስንት ሚሊ ሜትር እንደወረደ የሚለካ ነው። ሰውነት ሲቆጣ ደም ውስጥ አንዳንድ ፕሮቲኖች ይበዛሉ፣ ቀይ ሕዋሶቹም ተደራርበው ቶሎ ይወርዳሉ። በአከርካሪ ቲቢ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። ግን እርግዝናም፣ ደም ማነስም፣ ዕድሜም፣ ካንሰርም ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ «ኢኤስአሬ 80 ነው፣ ቲቢ ነው ማለት ነው» ብላችሁ አትደንግጡ። የሆነ ነገር እንዳለ ይነግራችኋል፣ ምን እንደሆነ ግን አይናገርም።

ሲአርፒ ደግሞ ሰውነት ሲቆጣ ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ቶሎ ይወጣል፣ ቶሎ ይወርዳል። መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ሲአርፒ ቀንሶ ኢኤስአር ገና ከፍ ብሎ ብታዩት አይግረማችሁ፣ ኢኤስአር ሁሌም ወደኋላ ይጎተታል። ነጭ ሕዋስ ኖርማል ሆነ ማለትም ኢንፌክሽን የለም ማለት አይደለም። መግል የሚያመጡት ሌሎቹ ባክቴሪያዎች ነጭ ሕዋሱን ከፍ ያደርጉታል፣ ቲቢ ግን ብዙ ጊዜ አይነካውም። ጥሬ ወተት የምትጠጡ ወይም ከብት አጠገብ የምትኖሩ ከሆነ ሳትጠየቁም ንገሩ። ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከእንስሳት የሚተላለፍ በሽታ አከርካሪ ላይ ሲወጣ ከቲቢ ጋር በጣም ይመሳሰላል፣ መድኃኒቱ ግን ሌላ ነው።

«በደም ቲቢን እንለያለን» የሚላችሁ ካለ ምን ዓይነት ምርመራ እንደሆነ ጠይቁ። አንቲቦዲ (ሰውነት ጀርምን ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን) የሚፈልገውን ምርመራ የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. አትጠቀሙበት ብሏል። ኢግራ የሚባለው፣ የመከላከያ ሕዋሶች ለቲቢ ጀርም የሚሰጡትን ምላሽ የሚለካው የደም ምርመራ፣ የተሻለ ነው፣ ግን እሱም የሚያሳየው ሰውነታችሁ ጀርሙን እንደሚያውቀው ብቻ ነው። ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ ደግሞ ያውቀዋል።

ቁርጡ የሚታወቀው ከአጥንቱ ወይም ከመግሉ በሚወሰድ ናሙና ነው። ኤምአርአይ ቦታውን ያሳያል፣ ከዚያ መርፌ ይገባል። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ «ናሙናው ለፓቶሎጂ ብቻ ነው ወይስ ለጂን ኤክስፐርትና ለካልቸርም?» ፓቶሎጂ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ማየት ነው፣ ጂን ኤክስፐርት የጀርሙን ጂን በማሽን መፈለግ፣ ካልቸር ደግሞ ጀርሙን ላቦራቶሪ ውስጥ ማሳደግ ነው። ሁሉም ፎርማሊን (ናሙና እንዳይበላሽ የሚያቆየው ኬሚካል) ውስጥ ከገባ ጀርሙ ይሞታል፣ ካልቸር የሚባል ነገር አይኖርም። ያ ማለት መድኃኒቱ ካልሠራ ጀርሙ የትኛውን መድኃኒት እንደተላመደ ለማወቅ እንደገና መወጋት ነው። ጂን ኤክስፐርት የሚያነበው የጀርሙን ጂን እንጂ የእናንተን አይደለም፣ ይህን ብዙ ሰው ያምታታዋል።

የእናንተስ ጂን? በ1929 መጨረሻና በ1930 እ.ኤ.አ. በጀርመኗ ሉቤክ 251 ሕፃናት በስህተት ሕያው የቲቢ ጀርም የተቀላቀለበት ክትባት ተሰጣቸው። 72ቱ ሞቱ። አብዛኞቹ ግን ቢታመሙም ተረፉ። የጀርሙ መጠን መለያየቱ አንዱ ምክንያት ነው፣ የሕፃናቱ ተፈጥሮም ድርሻ እንዳለው ይታመናል። ዛሬ ተመራማሪዎች ቪታሚን ዲን የሚቀበለውን ጂን፣ ቪዲአርን፣ በአከርካሪ ቲቢ ሕመምተኞች ላይ ያጠናሉ፣ በተለይ በቻይና። የእያንዳንዱ ጂን ጉልበት ትንሽ ነው፣ ከሕዝብ ሕዝብም ይለያያል። ስለዚህ ገንዘባችሁን ለጂን ምርመራ አታውጡ። «ዘራቸው ነው» ብሎ ከቤተሰቡ መሸሽም በደል ነው፤ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ከታመመ መጀመሪያ የሚፈለገው የሚያስል ሰው ነው። የተለየው ጉዳይ ሕፃን ነው፦ ከቢሲጂ (የቲቢ ክትባት) በኋላ የክትባቱ ጀርም ሰውነቱ ውስጥ ከተሰራጨ በዘር የመጣ የመከላከያ ጉድለት ሊኖር ይችላል፣ ስፔሻሊስት ይየው።

በተግባር የሚጠቅማችሁ ጂን ኤንኤቲ2 ነው። ከቲቢ መድኃኒቶች አንዱን፣ አይሶናያዚድን፣ ከሰውነት የሚያስወግደውን ኢንዛይም ይሠራል። መድኃኒቱን ቀስ ብሎ የሚያስወግደው ቀርፋፋው ዓይነት ኢትዮጵያውያን ላይ የተለመደ ነው፣ ጉበትንም ለጉዳት ያጋልጣል። ጂኑን መመርመር አያስፈልግም። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የጉበት ምርመራ ይሠራላችሁ። በኋላ ማቅለሽለሽ፣ የዓይን ቢጫ መሆን ወይም የሽንት መጥቆር ከመጣ ቶሎ ተመለሱ።

ለአጥንት ቲቢ መድኃኒቱ እዚህ አገር ብዙ ጊዜ 12 ወር ነው፣ ረጅም ነው። ደብተር ያዙ። ቀን፣ ኢኤስአር፣ ሲአርፒ፣ ክብደት፣ ምን ያህል እንደተራመዳችሁ ጻፉ። አንዷን ቁጥር ሳይሆን አካሄዱን ለሐኪሙ አሳዩ። ክብደት ጨምሮ ሕመሙ እየቀለለ ኢኤስአር ቀስ ብሎ ቢወርድ ጥሩ ነው። እግር ከደከመ፣ ከደነዘዘ ወይም ሽንት እምቢ ካለ ግን ደብተሩን ተዉትና በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል ግቡ።