ፓፕሪካን እሳት ላይ እያለ አትጨምሩት

ባብጉያሽ የሚባለውን የሃንጋሪ የቦሎቄና የሥጋ ወጥ ቤታችሁ ሠርታችሁ መረር ካለባችሁ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የፓፕሪካው (የቀይ ቃሪያ ዱቄቱ) ነው። እኛ በርበሬን ውሃ ጠብ እያደረግን ረጅም ሰዓት ማቁላላት ስለለመድን ፓፕሪካንም እንደዚያው እንይዘዋለን። እሱ ግን አይችልም።

ሽንኩርቱ በዘይት (እነሱ በአሳማ ስብ ነው የሚሠሩት) ለስልሶ ወርቃማ ሲሆን ድስቱን ከእሳት አውርዱት። መንጫጫቱ ጋብ ይበል። ለግማሽ ኪሎ የበሬ ሥጋ 2 የሾርባ ማንኪያ የማያቃጥል ፓፕሪካ ጨምራችሁ ቶሎ ቶሎ አማስሉ፤ ዘይቱ ወዲያው ደማቅ ቀይ ሆኖ ሽታው ይወጣል። ያኔ ሳትዘገዩ ሥጋውንና አንድ ሲኒ ውሃ ጨምሩና ወደ እሳቱ መልሱት።

ፓፕሪካ ስኳር ያለው ቀይ ቃሪያ ደርቆና ተፈጭቶ የደቀቀ ስለሆነ፣ በጋለ ዘይት ውስጥ በሰከንዶች ያርና ይመራል። ቀለሙና መዓዛው ግን የሚወጣው በስብ ነው፤ ሙቀቱ የቀነሰው ዘይት ያንን ሳያሳርር ያወጣዋል። ውሃው ደግሞ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ከልክ በላይ እንዳይወጣ ያደርጋል።

ቲማቲምና ኮምጣጤ ካላችሁ ቦሎቄው ሙሉ በሙሉ ከበሰለ በኋላ ይግቡ፤ አሲድ ቦሎቄውን ቶሎ እንዳይለሰልስ ያደርገዋል። ከእሳት አውርዶ የመጨመሩን ዘዴ ግን ለዶሮ ወጥ እንዳትሞክሩት፤ በርበሬ በደንብ ካልተቁላላ ጥሬ ጥሬ ይላል።