ሳቫና ስትሄዱ ከሆቴሉ በፊት ብሎኩን ምረጡ

"ሳቫና ልንሄድ ነው የቱ ሆቴል ይሻላል" ብሎ ለሚደውልልኝ ሰው ሁሉ መልሴ አንድ ነው፣ ሆቴሉን ለጊዜው ተዉትና መጀመሪያ ካርታ ክፈቱ። እኔ ያለሁት አትላንታ ስለሆነ እዛው ጆርጂያ ውስጥ ያለችው የሳቫና ከተማ በመኪና አራት ሰዓት ገደማ ናት፣ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ፣ ብቻዬንም ከልጆች ጋርም እናቴን ይዤም፣ እና ሁሌም ጉዞውን ያሳመረውም ያበላሸውም የክፍሉ ውበት ወይ የኮከቡ ብዛት ሳይሆን ያደርንበት ብሎክ ነው።

ምክንያቱም ከተማዋ ራሷ እንደዛ ነው የተሰራችው። ጆርጂያን የመሰረተው እንግሊዛዊው ጄኔራል ኦግልቶርፕ እ.ኤ.አ. በ1733 ሲመሰርታት መሀል ላይ ክፍት ቦታ እየተወ ዙሪያውን ቤት የሚደረደርበት ፕላን ነው ያወጣላት፣ ስትሰፋም ያንኑ እየደገመች ነው የሰፋችው። ቦታዎቹን ስኩዌር ይሏቸዋል፣ 24 ደርሰው ነበር፣ አሁን 22 አሉ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በ1864 ዲሴምበር ላይ፣ የሰሜኑ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሸርማን ሲገባ ስላላቃጠላት የድሮ ቤቶቹ ተርፈዋል፣ ለዛ ነው ዛሬ የ1840ዎቹ የ1850ዎቹ ቤት ውስጥ ገብቶ ማደር የሚቻለው። ከወንዙ እስከ ፎርሳይት ፓርክ አንድ ማይል ገደማ ቢሆን ነው፣ ግን በዛች አንድ ማይል ውስጥ ሌሊቱም ጠዋቱም ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል።

ከወንዙ እንጀምር፣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ፎቶ የሱን ስለሆነ። ሪቨር ስትሪት ላይ ያሉት ብዙዎቹ ሆቴሎች የድሮ የጥጥ መጋዘኖች ናቸው፣ ግድግዳው ወፍራም ጡብ ነው፣ መስኮት ላይ ቆማችሁ ኮንቴይነር የጫነ መርከብ ከፊታችሁ ሲያልፍ ስታዩ ህንፃ የሚሄድ ነው የሚመስላችሁ፣ ልጆች ካላችሁ ለዚህ ብቻ አንድ ሌሊት ማደር ያዋጣል። ግን መንገዱ ድሮ መርከቦች ለክብደት ጭነውት በመጡት ድንጋይ ነው የተነጠፈው፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ፣ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል፣ የሻንጣ ጎማና የህፃን ጋሪ አይወድም። ከዛ ወደ ላይ ወደ ቤይ ስትሪት የሚያወጡት የድንጋይ ደረጃዎች ደግሞ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው በቀን ሁለት ሶስት ጊዜ ሊወጣቸው አይችልም። ማታ ደግሞ ሙዚቃና ጫጫታ አለ፣ በታሪካዊው ሰፈር እስከ 16 አውንስ (ግማሽ ሊትር ገደማ) በሚይዝ የፕላስቲክ ኩባያ መጠጥ ይዞ መንገድ ላይ መሄድ ስለሚፈቀድ ሰዉ ውጪ ነው የሚያመሸው። ሲቲ ማርኬት አካባቢም እንደዛው ነው። ለጓደኛሞች ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ቶሎ ለሚተኛ ቤተሰብ ግን አልመክርም። እዛ ከያዛችሁ ክፍሉ ወደ ወንዙ ነው የሚያየው ወይስ ወደ ቤይ ስትሪት ብላችሁ ጠይቁ፣ ቤይ ስትሪት ትራፊክ የሚበዛበት መንገድ ነው፣ ሁለቱም "ታሪካዊ ክፍል" ተብለው ነው የሚሸጡት።

ከወንዙ ማዶ ሃቺንሰን ደሴት ላይም ትልቅ ሆቴል አለ፣ የሚያሻግረው ጀልባ ነፃ ነው፣ እይታውም ያምራል፣ ግን ማታ የመጨረሻው ጀልባ ስንት ሰዓት እንደሆነ ሳታጣሩ እራት አትውጡ።

እኔ የምወደው ከኦግልቶርፕ አቬኑ በታች እስከ ጋስተን ስትሪት ያለውን ነው፣ በተለይ ቡል ስትሪትን ይዞ ቺፐዋ፣ ማዲሰን፣ ሞንተሬይ ስኩዌር፣ ወደ ግራና ቀኝ ደግሞ ላፋየትና ፑላስኪ። ወደ ሰሜን ሬስቶራንቱም ሱቁም ብሮተን ስትሪትም በእግር ይደረሳል፣ ወደ ደቡብ ፎርሳይት ፓርክና እ.ኤ.አ. በ1858 የተተከለው ነጭ ፏፏቴ አለ፣ ማታ ደግሞ ፀጥ ይላል። እናቴን ይዣት የሄድኩ ጊዜ ሞንተሬይ ስኩዌር አጠገብ ነበር ያረፍነው፣ አንድ ቀን ስነቃ አልጋዋ ላይ የለችም፣ ደንግጬ ስወጣ ስኩዌሩ ውስጥ አግዳሚው ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ቁጭ ብላለች፣ ከኦክ ዛፎቹ ላይ ያ ሽበት የመሰለው ስፓኒሽ ሞስ ተንጠልጥሎ ፀሐይዋ በመሀሉ እየገባች፣ አንድ ሰውዬ ውሻውን ይዞ ሲያልፍ እጁን አንስቶ ሰላም ይላታል። ከዛ በኋላ ሁሌ ጠዋት እዛው ነበር የምትቀመጠው። ለሽማግሌና ለአሮጊት ከአልጋ ተነስቶ ሃምሳ እርምጃ ሳይሞላ ጥላና መቀመጫ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፣ እኔ ለዚህ ስል በአንድ ሌሊት ሰላሳ አርባ ዶላር ብጨምር አይቆጨኝም።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ የቆየ ማስታወቂያ ላይ ካልሁን ስኩዌር የሚል ካያችሁ ካርታ ላይ አሁን ቴይለር ስኩዌር ነው የሚለው። በ2023 የከተማው ምክር ቤት ነው በሱዚ ኪንግ ቴይለር ስም የሰየመው፣ በባርነት ተወልዳ ነፃ ለወጡ ሰዎች ፊደል ያስተማረች፣ በእርስ በርስ ጦርነቱም ቁስለኛ ያስታመመች ሴት ናት፣ ካልሁን ደግሞ ለባርነት ጥብቅና የቆመ ፖለቲከኛ ነበር። የሚያምረው ቤት ሁሉ በማን ጉልበት ቆመ የሚለውን ሳያዩ መመለስ ልክ አይመስለኝም፣ ስለዚህ ስታርፉ ፍራንክሊን ስኩዌር ላይ ያለውን ፈርስት አፍሪካን ባፕቲስት ቤተክርስቲያንና ኦግልቶርፕ ስኩዌር ላይ ያለውን የኦወንስ ቶማስ ቤት ከነባሪያዎቹ ማደሪያ በእግር የምትደርሱበት ቦታ ያዙ።

ከፎርሳይት ፓርክ በታች ቪክቶሪያን ዲስትሪክትና ስታርላንድ የሚባሉት ሰፈሮች ብዙ ጊዜ ዋጋቸው ቀነስ ይላል፣ ካፌው ጥሩ ነው፣ መኪና ማቆሚያም ከላይኛው ሰፈር በቀላሉ ይገኛል። ከወንዙ ግን ይርቃል፣ ከብሎክ ብሎክም ይለያያል፣ አንዱ የታደሰ ጎኑ ያለው ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አድራሻውን ጎግል ላይ አስገቡና ስትሪት ቪው ላይ ቤቱን ብቻ ሳይሆን ከፊቱና ከጀርባው ያለውን መንገድ እዩ።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ፣ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ስለሆነ። የሳቫና የድሮ ቤት ዋናው በር መሬት ላይ አይደለም፣ ከመንገዱ ከፍ ብሎ በደረጃ የሚወጣ ነው፣ ስቱፕ ይሉታል፣ አንዳንዱ አስር አስራ ሁለት ደረጃ አለው፣ ከገባችሁ በኋላ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሊፍት የለም፣ ክፍላችሁ ሶስተኛ ፎቅ ከሆነ ሻንጣ ተሸክሞ በጠባብ የእንጨት ደረጃ መውጣት ነው። ከስቱፑ ስር ያለውን ምድር ቤት "ጋርደን አፓርትመንት" ብለው ያከራያሉ። ስሙ ደስ ይላል፣ ደረጃ የለውም ብዬ እኔም አንዴ ለእናቴ ብዬ ያዝኩ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መስኮቱ የአላፊውን እግር የሚያሳይ፣ ገና ስንገባ የእርጥበት ሽታ ተቀበለን፣ ማታ አልጋ ልብሱ ራሱ ርጥብ ነበር የሚለው፣ እሷም ስታስል አደረች። ሁሉም እንደዛ ናቸው ማለቴ አይደለም፣ ደህና የታደሰም አይቻለሁ። ግን ሪቪው ውስጥ "ሽታ" "እርጥበት" "ሻጋታ" የሚሉትን ቃላት ፈልጉ፣ ሁለት ሰው ከደገመው ተዉት።

ቤት በኤርቢኤንቢ ምናምን የምትከራዩ ከሆነ ከተማው ለአጭር ጊዜ ኪራይ ፈቃድ ይሰጣል፣ በኤስቪአር (SVR) የሚጀምር ቁጥር ነው፣ ማስታወቂያው ላይ መኖር አለበት። ቁጥሩን ካላያችሁ ባለቤቱን ጠይቁ፣ ካልመለሰ እለፉት።

መኪና። መሀል ከተማ ያሉ ሆቴሎች ብዙዎቹ የራሳቸው ፓርኪንግ የላቸውም፣ ቫሌት ነው፣ ማለትም ሰራተኛ መኪናችሁን ወስዶ ያቆምላችኋል፣ በአንድ ሌሊት ከ40 ዶላር በላይ የሚያስከፍሉ አሉ፣ ለሶስት ሌሊት ስትደምሩት ርካሽ ያላችሁት ሆቴል ውድ ይሆናል። የከተማው ፓርኪንግ ጋራዦች አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳሉ፣ ዋይተከር ስትሪት ላይ ኤሊስ ስኩዌር ስር ያለው አንዱ ነው። መንገድ ላይ ካቆማችሁ የመንገድ ጽዳት ቀንና ሰዓት የሚለውን የመንገድ ምልክት አንብቡ፣ ሌሊት ነው የሚጠርጉት፣ ተኝታችሁ ቅጣት ይለጠፍባችኋል። ከገባችሁ በኋላ ግን መኪናውን እርሱት፣ ሁሉም በእግር ነው፣ ዶት የሚባል ነፃ አውቶቡስም አለ።

ዋጋ ስታወዳድሩ የመጨረሻውን ገጽ ሳታዩ አትወስኑ። ከሜይ 2025 ጀምሮ ሆቴሎች የግዴታ ክፍያዎችን መጀመሪያ ከሚያሳዩት ዋጋ ጋር ደምረው እንዲያሳዩ የፌደራል ደንብ ወጥቷል፣ ታክስና ፓርኪንግ ግን አሁንም ኋላ ሊመጣ ይችላል፣ ጆርጂያ ደግሞ በየሌሊቱ 5 ዶላር የሆቴል ክፍያ አላት።

ኤርፖርቱ ጋርና አጠገቡ ባለችው ፑለር ከተማ ያሉት ሆቴሎች ፓርኪንጉም ቁርሱም ብዙ ጊዜ ነፃ ነው፣ አይ 95 በሚባለው ሃይዌይ ወደ ፍሎሪዳ እያለፋችሁ ከሆነ እዛው እደሩ፣ ከተማዋን ለማየት ከሆነ ግን ሁሌ መንዳት ይሆናል። ታይቢ ደሴት ላይ አርፈን ሳቫናን እናያለን የሚሉም አሉ፣ 18 ማይል ገደማ ነው፣ የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ ነው፣ ሃይዌይ 80፣ በረግረግ መሀል፣ ሰመር ላይ ቅዳሜና እሁድ ይጨናነቃል፣ ባህሩ በጣም ሲሞላም ውሃ ይወጣበታል። ዋና ዓላማችሁ ባህሩ ከሆነ እሺ፣ አለበለዚያ ታይቢን በቀን ደርሳችሁ ተመለሱ።

ቀኑ ደግሞ። ማርች 17 የሴንት ፓትሪክ በዓል ነው፣ ሰልፉ አገሪቱ ውስጥ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነው፣ ያን ሳምንት ዋጋው ሰማይ ይነካል፣ ለሰልፉ ካልሆነ አትሂዱ። ከእሁድ እስከ ሐሙስ ከዊኬንድ ይረክሳል። ጁላይ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፣ እርጥበቱ ደግሞ ላብ አያደርቅም፣ በዛን ጊዜ ኤሲው ለክፍሉ ብቻውን ነው ወይስ ከሌላ ክፍል ጋር የጋራ ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ በድሮ ቤት ላይ ይሄ ይለያያል። ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 የሃሪኬን ወቅት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ በ2017ና በ2019 ነዋሪው ልቀቁ ተብሎ ነበር፣ ስለዚህ በተለይ ኦገስትና ሴፕቴምበር ላይ ሪፈንድ የሌለውን ርካሽ ዋጋ አትያዙ፣ ሃያ ዶላር ጨምራችሁ እስከ ሁለት ቀን በፊት ካንሰል የሚደረገውን ያዙ፣ ከዛ በቀጥታ ለሆቴሉ ደውሉና ልቀቁ የሚል ትዕዛዝ ቢወጣ ብሩ ይመለሳል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱን በኢሜይል እንዲልኩላችሁ አድርጉ።